«ሳውዝ ቢች» የተባለው የመክሳት ምግብ ካርቦሃይድሬቱ ዝቅተኛ ነውን?

ውፍረት ለመቀነስ ከሚታዘዙት የምግብ ሥርዐቶች መካከል በእንግሊዝኛ «ሎ ካርብ» የሚባሉት፣ ማለት ካርቦሃይድሬታቸው ዝቅተኛ ነው ተብሎ የሚነገርላቸው፣ በአሜሪካና በአውሮጳ ብዙ ተከታይ አላቸው። ከነዚህ ጋር አብሮ ሲቈጠር የኖረ አንድ ሥርዐት «ሳውዝ ቢች» የተባለው ነው። ይህን ሥርዐት ያወጡት በፍሎሪዳ የማያሚ ቢች የልብ ሐኪም ዶክቶር አርተር አጋትስተን ሲሆኑ፣ መጽሐፋቸው በ2003 ዓ.ም. ታትሞ በሚሊዮን የሚቈጠር ቅጂ ተሸጦለታል። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።) ነገሩን ለምርመራ የሚጋብዘው፣ ደራሲው ራሳቸው ገና በመጽሐፋቸው መክፈቻ ላይ ሥርዐታቸው ካርቦሃይድሬቱም ሆነ ስቡ ዝቅተኛ አይደለም ብለው ሲናገሩ፣ ጋዜጠኛውና ነጋዴው፣ አልፎ አልፎም ተመራማሪው፣ «ሎ ካርብ» ከሚባሉት ተርታ ማስገባታቸው ነው። እንግዲህ ከሁለቱ ወገን የቱ ልክ ነው?

በዚህ ሥርዐት ሰው ይከሳል ወይስ አይከሳም የሚለው የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ አይደለም። የምንጠይቀው ስሙ ከነገሩ ጋር ይገጥማል ወይ ብለን ነው። ስለ ስም መከራከር ሥራ የፈታ ሰው ተግባር ነው የሚለን አንባቢ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠን እንለምናለን፤ ከዚህ በታች እንደምናሳየው የስኳር በሽታ መድኀኒት ለሚወስድ ሰው ነገሩ የስም ጨዋታ አይደለም።

በመጀመሪያ ሥርዐቱን ባጭሩ እናስታውስ። ሦስት ደረጃዎች አሉት። በአንደኛው ደረጃ፣ ይኸውም ለሁለት ሳምንት፣ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ፓስታ፣ ስኳር፣ የአልኮል መጠጥ፣ ሌላው ቀርቶ ፍራፍሬ እንኳ የተከለከለ ነው፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ዕንቍላል፣ አትክልት፣ ለውዝና ጥራጥሬ ይፈቀዳል። በሁለተኛው ደረጃ ፍራፍሬና ያልተፈተገ እህል ቀስ በቀስ እየተመለሱ ይገባሉ፤ ሰውየው የፈለገው ክብደት ላይ እስኪደርስ ድረስም እዚሁ ይቈያል። ሦስተኛው ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልክ የሚያዝ ነው። በሦስቱም ደረጃዎች ግራምም ሆነ ካሎሪ መቍጠር አይጠየቅም። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ አንባቢ እንዲያስታውስልን እንፈልጋለን።

ስሙ እንዴት እንደተለጠፈበት ለመረዳት ወደ ኋላ መመልከት ያስፈልጋል። ዊልያም ባንቲንግ የሚባሉ የለንደን የቀብር ሥነ ሥርዐት አዘጋጅ በዊልያም ሃርቪ ምክር (እኒህ ሃርቪ የጆሮ ሐኪም ናቸው እንጂ የደምን ዝውውር ያገኙት አይደሉም) ዳቦ፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች ትተው ከ202 ፓውንድ ክብደታቸው ከ40 ፓውንድ በላይ ቀነሱ። ይህንንም በ1863 ዓ.ም. በትንሽ መጽሐፍ ለሕዝብ ገለጹ። የሚያስገርመው፣ የዚህ ሁሉ አባት የሚባሉት ባንቲንግ በየቀኑ ትንሽ የተጠበሰ ዳቦና ፍራፍሬ ከገበታቸው አላጠፉም ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ዶክቶር ሮበርት አትኪንስ በ1972 ዓ.ም. መጽሐፋቸውን አወጡ፤ ሥርዐታቸው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን 20 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ብቻ የሚፈቅድ ጥብቅ ነበር። የዶክቶር አጋትስተን መጽሐፍ የወጣው አትኪንስ በሞቱበት በ2003 ዓ.ም.፣ «ሎ ካርብ» የሚለው ቃል በአሜሪካ ሱቆች መደርደሪያ ላይ በሞላበት ሰዓት ነው። ዳቦ የሚከለክል ማንኛውም መጽሐፍ በዚያን ጊዜ ከአትኪንስ ጐን መቀመጡ አይቀርም ነበር።

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ። በቋንቋችን «የተቀነሰ» እና «ዝቅተኛ» አንድ አይደሉም። የተቀነሰ ለማለት የቀድሞውን መጠን ማወቅ ይበቃል፤ ዝቅተኛ ለማለት ግን ከሁሉም ሰው ውጭ የቆመ ምልክት ያስፈልጋል። በቀን 350 ግራም ካርቦሃይድሬት ይበላ የነበረ ሰው ወደ 200 ቢወርድ ቀንሷል፤ ዝቅተኛ ላይ ደርሷል ግን አይባልም። ስለ ሳውዝ ቢች የሚጻፈው አብዛኛው ነገር እነዚህን ሁለት ቃላት እያምታታ የሚሄድ ነው። የኬሚስትሪ መምህራኖቻችን አንድን ውሑድ «ቀጭን» ብለን ብንጽፍላቸው መጠኑ የታለ ብለው ወረቀቱን እንደሚመልሱልን ሁሉ፣ እዚህም መጠኑን መጠየቅ ተገቢ ነው።

መጠኑስ ማነው ያወጣው? የአሜሪካ የምግብና የመድኀኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በምግብ ማሸጊያ ላይ ለሚጻፈው «ሎ ካርብ» ትርጓሜ አልሰጠም። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በ2015 ዓ.ም. የካርቦሃይድሬት ቅነሳን የሚደግፉ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ስለ ስኳር በሽታ ባወጡት ጽሑፍ ውስጥ ያለው መደብ ነው። በዚህ መሠረት በቀን ከ20 እስከ 50 ግራም እጅግ ዝቅተኛ፣ ከ130 ግራም በታች ወይም ከጠቅላላው ኀይል ከመቶ 26 እጅ በታች ዝቅተኛ፣ ከመቶ ከ26 እስከ 45 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከፍተኛ ይባላል። እኛም ሌላ የተሻለ ስላላገኘን በዚህ እንመዝናለን፤ ነገር ግን ሚዛኑ ራሱ እንከን እንዳለበት ሳንናገር ማለፍ አይገባንም።

130 የሚለው ቍጥር የመጣው ከወዴት ነው? በ2002 ዓ.ም. የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት፣ አእምሮ በቀን የሚያቃጥለውን ግሉኮስ መሠረት አድርጎ፣ ሰው በየቀኑ ሊያገኘው ይገባል ብሎ ያወጣው መጠን ነው። ይኸው ለመመገብ የተሰጠ መጠን ዞሮ የ«ዝቅተኛ» ጣራ ሆነ። ጉበት ግሉኮስን ከፕሮቲን ሊሠራ እንደሚችል፣ አእምሮም ካርቦሃይድሬት በጠፋ ጊዜ ኬቶን የተባለውን ከስብ የሚገኝ ማገዶ እንደሚጠቀም የታወቀ ስለሆነ፣ በ130 ላይ በሰውነት ውስጥ አንዳች የተለየ ነገር አይፈጸምም። የማገዶው ለውጥ በጉልህ የሚታየው ባብዛኛው ከ50 ግራም በታች ሲወረድ ነው።

ከዚህም ሌላ ግራሙና እጁ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4 ካሎሪ ይሰጣል። በቀን 1,100 ካሎሪ ብቻ እየበላ ከዚህ ውስጥ ከመቶ 45 እጁን ከዳቦና ከድንች የሚያገኝ ሰው የሚበላው ካርቦሃይድሬት 124 ግራም ያህል ነው፤ በግራሙ ዝቅተኛ፣ በእጁ መካከለኛውን ጨርሶ ከከፍተኛው ደጃፍ ላይ የቆመ ማለት ነው። በአንጻሩ በቀን 4,000 ካሎሪ የሚበላ የጉልበት ሠራተኛ ከመቶ 20 እጁ ካርቦሃይድሬት ቢሆን 200 ግራም ይሆናል፤ በእጁ ዝቅተኛ፣ በግራሙ አይደለም። ነገሩን ወደምናውቀው ብናቀርበው፣ 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ከመቦካቱ በፊት 73 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው። ከ150 ግራም ዱቄት የተጋገረ እንጀራ ብቻ በልቶ የዋለ ሰው ወደ 110 ግራም ገደማ አግኝቷልና በግራሙ ሕግ «ሎ ካርብ» ሊባል ነው! ሰውየው ግን ተራበ እንጂ ሥርዐት አልያዘም።

ስለዚህ ሁለቱንም ሚዛን አብረን እንይዛለን። ዶክቶር አጋትስተን ቍጥር ስላልሰጡ እኛው አንድ የሁለተኛ ደረጃ ቀን አዘጋጅተን፣ የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ባወጣው የምግብ ይዘት መሠረት ተጠጋግቶ ብንደምረው እንዲህ ሆነ፦ ጧት አንድ ኩባያ የአጃ ገንፎ 27 ግራም፤ አንድ ፖም 25፤ በምሳ አንድ ቁራሽ ካልተነፋ ዱቄት የተጋገረ ዳቦ 12 እና ግማሽ ኩባያ የበሰለ ምስር 20፤ በመክሰስ አንድ ኩባያ ስኳር ያልገባበት ስቡ የተቀነሰ እርጎ 17፤ በእራት ግማሽ ኩባያ ያልተፈተገ ሩዝ 22፤ በቀኑ ሙሉ የሚበላው አትክልት 20። ሥጋው፣ ዓሣውና ዘይቱ ካርቦሃይድሬት ስለሌላቸው አልቈጠርናቸውም። ድምሩ 143 ግራም ነው። ለመክሳት የሚመገብ ሰው በቀን 1,600 ካሎሪ ቢበላ ይህ ከመቶ 36 እጅ ይሆናል። በሁለቱም ሚዛን ከዝቅተኛው ወሰን በላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣብን ይችላል፤ ተቃውሞውም የዋዛ አይደለም። ከ143ቱ ውስጥ 28 ግራም ያህሉ በአንጀት የማይፈጭ ቃጫ ነው። አሜሪካውያን በማሸጊያ ላይ ቃጫውን ከካርቦሃይድሬቱ ጋር ደምረው ሲጽፉ፣ የአውሮጳ ኅብረት አገሮች ለይተው ይጽፋሉ፤ ስለዚህ አንዱ ምግብ ባሕር ሲሻገር ካርቦሃይድሬቱ የቀነሰ ይመስላል። ቃጫውን ብናወጣ የቀረው 115 ግራም ስለሆነ የእኛ ቀን በግራሙ ሕግ ዝቅተኛ ሆኖ ቍጭ ይላል። በእጁ ግን ከመቶ 29 ነው፤ አሁንም መካከለኛ። ሰውየው ዘይትና ሥጋ ብቻ ጨምሮ 2,000 ካሎሪ ቢደርስ ደግሞ ወደ 23 ይወርዳል። እንግዲህ የሁለተኛው ደረጃ ተመጋቢ ከወሰኑ በዚህም በዚያም ወገን ሊገኝ ይችላል። የት እንደሚገኝ የሚወስነው መጽሐፉ ሳይሆን የራሱ የሰውየው ማንኪያ ነው። ሳይቈጠር የሚበላን ምግብ በቍጥር ስም መጥራት የማይሆነውም ለዚህ ነው። የሥርዐቱ ባሕርይ ግን ወደ መካከለኛው ያዘነብላል ብለን እንፈርዳለን፤ ፍራፍሬን፣ እህልንና ጥራጥሬን በየቀኑ እንዲመለሱ የሚጋብዝ ገበታ ከዚህ በታች የሚውለው በጥንቃቄ የሚቈጥር ሰው ሲይዘው ነው።

የአንደኛው ደረጃ ነገር ግን ሌላ ነው። ፍራፍሬና እህል ስለሌለ አትክልቱ 20፣ አንድ እፍኝ ለውዝ 6፣ ስቡ የተቀነሰ አይብ 4 ቢሆን ድምሩ 30 ግራም ብቻ ነው፤ አንድ ሙሉ ኩባያ ምስር ቢጨመርበት ወደ 70 ይወጣል። አንዱ ሰው የማገዶው ለውጥ ከሚታይበት ከ50 በታች ይውላል፤ ሌላው በዚያው መጽሐፍ እየተመራ ከዚያ በላይ ይውላል። ሁለቱም ግን በማንኛውም ሚዛን ዝቅተኛ ናቸው። ስለዚህ ደራሲው በመክፈቻቸው የተናገሩት፣ ለቀሪው ጊዜ ባመዛኙ እውነት ቢሆንም፣ ለነዚያ ሁለት ሳምንታት ስሕተት ነው።

ደራሲው ስሙን የሚክዱት ግን እንደኛ መዝነው አይደለም። ክርክራቸው ካርቦሃይድሬት ጥሩና መጥፎ አለው፣ እኔ መጥፎውን እንጂ ካርቦሃይድሬትን አልከለከልኩም የሚል ነው። ጥሩውን ከመጥፎው የሚለዩበትም በ1981 ዓ.ም. ዴቪድ ጄንኪንስና ጓደኞቻቸው በቶሮንቶ ያወጡት «ግላይሴሚክ ኢንዴክስ» የተባለው መለኪያ ነው፤ ይኸውም 50 ግራም ካርቦሃይድሬት ያለበት ምግብ ከተበላ በኋላ የደም ስኳር ምን ያህል እንደሚወጣ ከግሉኮስ ጋር የሚያነጻጽር ነው። መለኪያው ጠቃሚ ነው። ሆኖም ስለ ጥራት የሚናገር እንጂ ስለ ብዛት የሚናገር አይደለም። ለምሳሌ ካሮት በመጀመሪያው ሠንጠረዥ ላይ 92 ተሰጥቶት ነበር፤ በኋላ የተደረጉት ልኬቶች ግን ከዚህ ግማሽ ወደ መሆን አወረዱት። በዚያውም ላይ ከካሮት 50 ግራም ካርቦሃይድሬት ለማግኘት ከግማሽ ኪሎ በላይ መብላት ያስፈልጋል፤ ይህን የሚያደርግ ፈረስ እንጂ ሰው አይደለም። የመጀመሪያው የሳውዝ ቢች መጽሐፍ ካሮትን በአንደኛው ደረጃ መከልከሉ፣ ደራሲው በጥራት ሚዛን ላይ ምን ያህል እንደተደገፉ ያሳያል። «ስንት ነው?» ተብሎ ለተጠየቀ ሰው «ጥሩ ነው» ብሎ መመለስ መልስ አይሆንም።

ደግሞም ዶክቶር አጋትስተን በሌላ ቦታ ሌላ ቋንቋ ተናግረዋል። በ2004 ዓ.ም. እርሳቸው ካሉበት የተመራማሪዎች ቡድን የወጣ ጥናት፣ 60 ሰዎችን ለ12 ሳምንት ተከታትሎ የዚህን ዐይነት ምግብ የአሜሪካ የኮሌስትሮል ትምህርት ፕሮግራም ካዘዘው ምግብ ጋር አወዳድሯል። የፊተኛው ምድብ በአማካይ 6.2 ኪሎ ያህል፣ የኋለኛው 3.4 ኪሎ ያህል ቀነሰ። በዚህ ጥናት ውስጥ ምግቡ የተጠራው «የተሻሻለ ዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት» ተብሎ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በኋላ የታዘዘው ካርቦሃይድሬትም ከጠቅላላው ኀይል ከመቶ 28 እጅ ነበር። ይህ ከእኛ ስሌት ጋር ተቀራራቢ ሲሆን፣ ከ26ቱ ወሰን በጥቂት የሚያልፍ መካከለኛ ነው። እንግዲህ ለሕዝብ በተጻፈው መጽሐፍ «ዝቅተኛ አይደለም» የተባለው፣ ለሐኪሞች በተጻፈው ጽሑፍ «የተሻሻለ ዝቅተኛ» ተባለ። ሐሰት ተናገሩ አንልም፤ ቃሉ ወሰን ስለሌለው ሁለቱንም መናገር ቻሉ።

ይህ መምታታት ምን ጉዳት አለው? የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ኢንሱሊን ወይም ሰልፎኒል ዩሪያ የተባሉትን እንክብሎች የሚወስድ ከሆነ፣ ካርቦሃይድሬቱን በድንገት ሲቀንስ መድኀኒቱ ካልተቀነሰለት የደሙ ስኳር ከልክ በታች ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። በቅርብ ዘመን የወጡትን፣ ስኳርን በሽንት የሚያስወጡትን መድኀኒቶች የሚወስድ ደግሞ ካርቦሃይድሬቱ እጅግ ሲያንስ በኬቶን መመረዝ ሊያገኘው ይችላል። አሁን ይህ ሰው «ዝቅተኛ አይደለም» የሚለውን አምኖ ሐኪሙን ሳያማክር አንደኛውን ደረጃ ቢጀምርስ? ስሙ የሚሳሳተው አደጋው በሚከብድባቸው በነዚያው ሁለት ሳምንታት ነው። ተቃራኒውም አለ፤ «ሎ ካርብ ነው» መባሉን ሰምቶ የመድኀኒቱን መጠን ያስቀነሰ ሰው፣ በሁለተኛው ደረጃ ፖሙና አጃው ሲመለሱ የደም ስኳሩ ሊወጣበት ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ሕመምተኛውን የምግቡን ስም ከመጠየቅ ይልቅ ስንተኛው ሳምንት ላይ እንዳለና ትናንት ምን እንደበላ ቢጠይቀው ይሻላል።

ለተመራማሪም ቢሆን ያው ነው። በ2018 ዓ.ም. የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች 609 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትለው ስቡ ዝቅተኛ የሆነውንና ካርቦሃይድሬቱ ዝቅተኛ የሆነውን ምግብ አወዳድረው ነበር፤ የፊተኞቹ በአማካይ 5.3፣ የኋለኞቹ 6.0 ኪሎ ቀነሱ፤ ልዩነቱም በስታቲስቲክስ የሚቈጠር አልነበረም። ከዚህ በመነሣት ካርቦሃይድሬት መቀነስ ብልጫ የለውም የሚሉ ብዙ ናቸው። ነገር ግን የኋለኞቹ በ20 ግራም እንዲጀምሩ ታዘው፣ በዓመቱ መጨረሻ የሚበሉት 132 ግራም ያህል፣ ከመቶ 30 እጅ ነበር። ጥናቱ በደንብ የተሠራ ነው፤ ቍጥሩንም አልደበቀም። ሆኖም አንባቢው አርእስቱን ብቻ ካነበበ፣ የተፈተነው በመጨረሻው ከሳውዝ ቢች ሁለተኛ ደረጃ ጋር የሚመሳሰል መካከለኛ ምግብ መሆኑን ሳያውቅ ስለ 20 ግራሙ ይፈርዳል። ሰዎች ወደ መካከለኛው መመለሳቸው ራሱ አንድ ግኝት ነው፤ «ዝቅተኛው አልረዳም» ማለት ግን ሌላ ነው።

ነጋዴው ግን በዚህ መምታታት አልተጐዳም። በ2005 ዓ.ም. ክራፍት የተባለው ትልቅ የምግብ ኩባንያ የሳውዝ ቢችን ስም የያዙ የታሸጉ ምግቦች ለገበያ አቀረበ፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ደግሞ ስሙን ኑትሪሲስተም የተባለው ኩባንያ ገዛው። ስሙ ሲሸጥ ሲለወጥ የኖረው ደራሲው ያወጡት ሐሳብ ግልጽ ስለሆነ ሳይሆን፣ ስብ ለሚፈራም ዳቦ ለሚፈራም እኩል የሚስማማ ስለሆነ ይመስለናል።

በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ ዶክቶር አጋትስተን ሌላ መጽሐፍ አወጡ፤ በአርእስቱም ላይ አዲሱ ሳውዝ ቢች ለኬቶ ሥርዐት የሚስማማ መሆኑ ተጽፏል። ኬቶ የሚባለው ካርቦሃይድሬትን በቀን ከ50 ግራም በታች የሚያወርደው ነው። በ2003 ዓ.ም. ዝቅተኛ አይደለም የተባለው ስም፣ በ16 ዓመት ውስጥ እጅግ ዝቅተኛ ከሆነው ጋር ተጐዳኘ ማለት ነው። የዚህን የሁለተኛውን መጽሐፍ ገበታ እንደ ፊተኛው በግራምና በእጅ መዝኖ ማቅረብ ከዚህ ኮሌጅ ተማሪዎች ለሌላው የተተወ ሥራ ነው፤ የሚያቀርበውም ቃጫውን ደምሮ ወይም ቀንሶ እንደቈጠረ አስቀድሞ እንዲነግረን እንለምነዋለን።